ናይሮቢ ስትጠበቅ፣ ማንዴራ ስትከፍል

ናይሮቢ መሃል፣ የሞይ ጎዳናና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ አነስ ያለ የመታሰቢያ መናፈሻ አለ። የአሜሪካ ኤምባሲ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1998 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናትም በዚሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) በመኪና ተጭኖ የመጣ ፈንጂ በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ገደለ። አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ፤ የቀሩት ከሞላ ጎደል በዕለት ሥራቸው ላይ የነበሩ ኬንያውያን ናቸው። ከዋናው ፍንዳታ ጥቂት ቀደም ብሎ የተሰማው ድምፅ የአካባቢውን የቢሮ ሠራተኛ ወደ መስኮት ስቦት ስለነበር፣ በመስታወት ስብርባሪ ዓይኑን ያጣው ብዙ ነው።

ያን ጊዜ ኬንያውያን ነገሩን የሌላ ሰው ጠብ አድርገው ነው ያዩት። ገዳዩ አልቃይዳ፣ ተፈላጊዋ አሜሪካ፤ ኬንያ በመሃል የተገኘች አገር። በ2002 ከሞምባሳ ወጣ ብሎ ኪካምባላ ላይ እስራኤላውያን ጎብኚዎች ያረፉበት ሆቴል በፈንጂ ሲመታም ይህ አስተያየት ብዙም አልተነቃነቀም። እንዲያውም መንግሥት በ2003 የፀረ ሽብር ሕግ ረቂቅ ይዞ ሲመጣ የሙስሊም ማኅበራት፣ ጠበቆችና የመብት ተሟጋቾች ሕጉ የተሰፋው በውጭ ኃይል ልክ ነው ብለው ተነሱበት። ረቂቁ ወደቀ። በ2006 ተሻሽሎ ሲቀርብም አልሆነለትም። ሕጉ የጸደቀው በ2012 ነው፤ ያውም የኬንያ ጦር ሶማሊያ ከገባ ከዓመት ገደማ በኋላ።

ሽብር አንድን አገር እንዴት ይለውጣል ለሚል ሰው ኬንያ ጥሩ መማሪያ ናት የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ለውጡ የመጣው ፍንዳታው በተሰማበት ቀን አይደለም። ፍንዳታው የእኛ ነው ተብሎ ከታመነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኬንያውያን ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆናቸው። አንደኛው ወገን መንግሥት ክንዱን ባያጠነክር ኖሮ አገር አትተርፍም ነበር ይላል። ሌላው መንግሥት የወሰደው እርምጃ ራሱ ቁስሉን አመረቀዘው ይላል። እኔ ሁለቱን ሳዳምጥ የሚታየኝ አንድ ነገር አለ፦ የሚያወሩት ስለ አንድ አገር ቢሆንም የሚያዩት ካርታ የተለያየ ነው። አንዱ ናይሮቢን እያየ ያወራል፤ ሌላው ጋሪሳን፣ ማንዴራን፣ ላሙንና የሞምባሳን ሰፈሮች።

ጥቅምት 2011 ኬንያ «ሊንዳ ንቺ» ባለችው ዘመቻ ጦሯን ወደ ደቡብ ሶማሊያ አስገባች። ሰበቡ ከላሙ ዳርቻ የውጭ ጎብኚዎች መጠለፋቸውና ከዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ ሁለት ስፔናውያን የእርዳታ ሠራተኞች መወሰዳቸው ነበር። የጦሩ ደጋፊዎች ክርክር ቀላል አይደለም። የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አልሸባብ ድንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሰው እየጠለፈ፣ የኪስማዮን ወደብ ቀረጥ እየሰበሰበ፣ ኬንያ እጇን አጣጥፋ ትጠብቅ ነበር ወይ? በ2012 መጸው ላይ ኪስማዮ ከቡድኑ እጅ ስትወጣ ትልቅ የገቢ ምንጭ ተቋርጦበታል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ያወጣሉ። ከጥቅምት 2011 በፊትና በኋላ በኬንያ ምድር የተፈጸመውን የጥቃት ብዛት አነጻጽሩ ይላሉ፤ የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) መቆሚያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤት ላይ የሚወረወረው የእጅ ቦምብ የተለመደ ዜና የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። የሚገርመው የፖለቲካው መገለባበጥ ነው፦ ጦሩ ሲዘምት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራይላ ኦዲንጋ፣ ተቃዋሚ መሪ ሆነው በ2014 ጦሩ ይውጣ ባይ ሆኑ። ከጥቃት በኋላ ሁሉም ፖለቲከኛ አንድ ይሆናል የሚባለው በኬንያ ዕድሜው አጭር ነው።

መስከረም 21 ቀን 2013 ቅዳሜ ቀን አራት የአልሸባብ ታጣቂዎች ናይሮቢ ያለው ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ገቡ። 67 ሰዎች ሞቱ፤ ጋናዊው ገጣሚ ኮፊ አዎኖር ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ከበባው እስከ አራተኛው ቀን ዘለቀ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ሰው ያዳኑት በአብዛኛው መደበኛው የመንግሥት ኃይል ሳይሆን ሽጉጥ የያዙ ነዋሪዎችና ጥቂት ፖሊሶች ናቸው። ከነሱ መካከል ፎቶው ዓለምን የዞረው አብዱል ሐጂ ሶማሌ ኬንያዊ ነው፤ አባቱ ዩሱፍ ሐጂ ኬንያ ወደ ሶማሊያ ስትዘምት የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። የፖሊሱ ልዩ ኃይልና ጦሩ ግን በአንድ አዛዥ ሥር ስላልነበሩ እርስ በርስ ተታኮሱ፤ አንድ የፖሊስ ልዩ ኃይል አባልም በዚያ ሞተ። በኋላ የደኅንነት ካሜራ ወታደሮች ከሱቅ ዕቃ ይዘው ሲወጡ አሳየ። ሁለት ወታደሮች ተባረው ታሰሩ። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁማለሁ ብለው ነበር፤ አልተቋቋመም። የፓርላማው ኮሚቴ ያዘጋጀውን ሪፖርትም ምክር ቤቱ ራሱ ጣለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዌስትጌት የኬንያን መካከለኛ መደብ ነው የነካው። ናይሮቢ ውስጥ ገበያ አዳራሽ፣ ሆቴል ወይም ቢሮ ለመግባት መኪና ተከፍቶ፣ ከሥሩ በመስታወት ታይቶ፣ ቦርሳ ተፈትሾ ማለፍ የዕለት ሥርዓት ሆነ። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይህን ያውቀዋል፤ የኛም ፍተሻ ያው ነው። ፍተሻው የሚሠራው በትንሽ ደመወዝ የሚተዳደር፣ መሣሪያ የሌለው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ታጣቂ ቢመጣ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። የጥበቃ ድርጅቶች ንግድ ሲያብብ ባሕር ዳርቻው ጦሙን አደረ። በ2011 ወደ 1.8 ሚሊዮን የነበረው የውጭ ጎብኚ በ2015 ወደ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ግንቦት 2014 ብሪታንያ ስለ ሞምባሳ ማስጠንቀቂያ ስታወጣ አስጎብኚ ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን በአውሮፕላን ጭነው ወሰዱ። የሞምባሳ አስተናጋጅ፣ ታክሲ ነጂና ዓሣ ሻጭ ሥራ ሲፈታ፣ ወጣቱን ሊመለምል የሚመጣው ሰው ደግሞ ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው። የፀጥታ ወገን ተከራካሪዎች ይህን ነጥብ ይወዱታል፦ ጸጥታ የሌለበት አገር መብትም እንጀራም የለውም። ልክ ናቸው።

በመጋቢት ማለቂያ 2014 በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር የእጅ ቦምብ ተወርውሮ ሰው ሲሞት መንግሥት «ኡሳላማ ዎች» የተባለውን ዘመቻ ከፈተ። በሺ የሚቆጠር ፖሊስ ቤት ለቤት ገብቶ ወደ 4 ሺ ሰው ለቀመ። የታሰረው ሰው ቁጥር ከጣቢያዎቹ ስለበለጠ ካሳራኒ ስታዲየም ማጣሪያ ሆነ። ኢስሊን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ የሶማሌዎች ሰፈር ይባል እንጂ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየዘመኑ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ የተጠለለበትም ነው፤ ከኦሮሚያ የሸሸው በተለይ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከዚያ ዘመቻ አንድ ዓመት ቀድሞ ባወጣው ሪፖርት፣ በኢስሊ ፖሊስ እየደበደበ ገንዘብ የሚቀበላቸው ስደተኞች ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ዘርዝሮ ነበር። የተመዘገበ ስደተኛ መሆንህን የሚያሳየው ወረቀት ፖሊሱ ፊት ዋጋ ያጣል፤ ዋጋ ያለው «ኪቱ ኪዶጎ»፣ ማለትም ጉቦ፣ ነው። ሶማሌ ኬንያውያን ራሳቸውን በምሬት የፖሊስ ኤቲኤም ብለው የሚቀልዱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ዘመቻውን የሚደግፉ ሰዎች ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። ቦምቡ የሚወረወረው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው፤ የሚሞተውም የሰፈሩ ሰው ነው። ሕገ ወጥ ሆኖ የሚኖር ሰው እንዳለ፣ መታወቂያ በጉቦ እንደሚሸጥ ኬንያዊ ሁሉ ያውቃል። መንግሥት ምንም ባያደርግ ኖሮ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቶ የባሰ ደም ሊፈስ ይችል ነበር ይላሉ። ኅዳር 2012 ኢስሊ ውስጥ አንድ ማታቱ ከፈነዳ በኋላ ወጣቶች የሶማሌ ሱቅና ቤት ላይ ድንጋይ እየወረወሩ እንደነበር ሳስታውስ፣ ይህ ስጋት ከአየር የመጣ አይደለም እላለሁ።

ግን ካሳራኒ ምን አስገኘ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ይሳሳል። ከተያዙት አብዛኞቹ ከኢሚግሬሽን ጥፋት በቀር የተገኘባቸው ነገር የለም። ወደ ካምፕ የተጫኑ፣ ወደ ሞቃዲሾ በአውሮፕላን የተመለሱ፣ ሕፃን ልጃቸው ቤት ቀርቶ የታሰሩ እናቶች ነበሩ። ዘመቻው ከተከፈተ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ላሙ ውስጥ ምፔኬቶኒ ላይ ከ60 በላይ ሰዎች ታረዱ፤ ኅዳር ላይ ማንዴራ አጠገብ ከአውቶቡስ ወርደው 28፣ ታኅሣሥ ላይ በድንጋይ ማምረቻ ውስጥ 36 ሰዎች ተገደሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የኛ ሰው። እዚህ ውሻው የጮኸው ጅቡ ባልነበረበት ሰፈር ነው።

የመብት ወገን ተከራካሪዎች ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀጥላሉ፦ እስሩና ግድያው ራሱ ለአልሸባብ ምልመላ ነው ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 በአፍሪካ ያሳተመውን ጥናት ነው። ከታጣቂ ቡድኖች ጋር የነበሩ ሰዎች ተጠይቀው፣ 71 በመቶዎቹ የመጨረሻዋን ውሳኔ ያስወሰናቸው የመንግሥት እርምጃ፣ ማለትም የዘመድ ወይም የወዳጅ መገደል ወይም መታሰር እንደሆነ ተናገሩ። ጥናቱ ጠቃሚ ነው። ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል። መጀመሪያ ኬንያ ብቻዋን የተጠናችበት አይደለም። ደግሞም ለምን ገባህ የተባለ ሰው ጥፋቱን ወደ መንግሥት ማሳበቡ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የተገፋ ሁሉ አይሸፍትም፤ የሸፈተ ሁሉ የተገፋ አይደለም። በሞምባሳ እንደ አቡድ ሮጎና «ማካቡሪ» የሚባሉት ያሉ ሰባኪዎች ወጣቱን ሲሰብኩ የቆዩት በስሜት ብቻ ሳይሆን በተደራጀ መረብ ነው። እነዚሁ ሰባኪዎች በ2012 እና በ2014 ጎዳና ላይ በጥይት ሲገደሉ፣ ፖሊስ እጄ የለበትም ቢልም፣ ባሕር ዳርቻው ይህን አላመነም። ከሮጎ ግድያ በኋላ ሞምባሳ ለቀናት በረብሻ ታመሰች። ሰባኪው አደገኛ ነበር ማለትና ሰባኪውን ያለ ፍርድ መግደል አደጋውን ቀነሰው ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ያስረዳልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ንጋት ላይ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ተወረረ። 148 ሰዎች ተገደሉ፤ 142ቱ ተማሪዎች ናቸው። ታጣቂዎቹ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ እየለዩ ነበር የገደሉት። ልዩ የፖሊስ ኃይሉ ከናይሮቢ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመኪና የተነሡ ጋዜጠኞች ቀድመው መድረሳቸው በሰፊው ተዘገበ። ልዩ ኃይሉ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ያለቀው ብዙም ሳይቆይ ነው። ይህ የሚነግረን ችግሩ የድፍረት ወይም የሥልጠና ብቻ እንዳልነበረ ነው። አውሮፕላን ማን ያዛል፣ ማን ማንን ያዝዛል የሚለው የቢሮ ጥያቄ የተማሪ ሕይወት አስከፈለ።

ከገዳዮቹ አንዱ ማን ነበር? የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ፣ ኬንያዊ፣ የማንዴራ የመንግሥት ሹም ልጅ። አባቱ ልጄ ጠፍቷል፣ ሶማሊያ ሳይገባ አይቀርም ብለው ለባለሥልጣናት አስቀድመው አመልክተው ነበር። ይህ አንድ ታሪክ የሁለቱንም ወገን ክርክር ያናጋል። ሽብር የድህነት ውጤት ነው የሚለውን ያናጋል፤ ልጁ ድሃ አልነበረም። ሶማሌው ማኅበረሰብ ልጆቹን ይደብቃል የሚለውንም ያናጋል፤ አባት ልጃቸውን አሳልፈው ነግረዋል። የጎደለው መረጃ አልነበረም። የተነገረውን ሰምቶ የሚከታተል ነው የጎደለው። በ2019 የናይሮቢውን ዱሲት ዲ2 ሆቴል ካጠቁት አንዱ ደግሞ ሶማሌ ያልሆነ፣ አባቱ የኬንያ መከላከያ አባል የነበረ ወጣት ነው። በፊት መልክና በስም የሚለቅም ፖሊስ ይህን ልጅ መንገድ ላይ ቢያገኘው ሰላም ብሎት ያልፋል።

ዱሲት ራሱ የፀጥታ ወገን ተከራካሪዎች ትልቁ ማስረጃ ነው፤ ተገቢም ነው። ጥር 15 ቀን 2019 ከሰዓት በኋላ የጀመረው ጥቃት በማግስቱ ጠዋት አበቃ፤ ወደ 19 ሰዓት ገደማ። 21 ሰዎች ሞቱ፤ ከ700 በላይ ሰዎች እንደወጡ መንግሥት ተናገረ። ልዩ ኃይሉ ወዲያው ደረሰ፣ አዛዡ አንድ ነበር፣ ወሬውም በሥርዓት ይወጣ ነበር። ከዌስትጌት አራት ቀን ጋር ሲነጻጸር ትምህርቱ ተወስዷል ማለት ነው። የፀጥታ ወገን ሰዎች ይህን ይዘው፣ «እንዲህ ያለ መንግሥት ነው የምንፈልገው» ሲሉ እስማማለሁ። የማልስማማው ዱሲትን ከካሳራኒ ጋር በአንድ ሒሳብ ሲደምሩት ነው። ዱሲት ላይ የሠራው የጋራ ዕዝ፣ ልምምድና የመረጃ ልውውጥ ነው። 4 ሺ ሰው ስታዲየም ውስጥ መቆለፍ ለዚህ ምን አዋጣ? ዱሲት ላይ ያሸነፉት ሰዎች በጅምላ እስር ብዛት አልነበረም ያሸነፉት።

ፖለቲካው የተለወጠው በታኅሣሥ 2014 ነው፤ እንደኔ እንደኔ የኬንያ ታሪክ ትልቁ ፈተናም ያ ነበር። ከማንዴራው ግድያ በኋላ የፖሊስ አዛዡ ለቀቁ፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ተነሡ፤ መንግሥት ወዲያው የፀጥታ ሕጎችን በአንድ ጥቅል የሚያሻሽል ረቂቅ አቀረበ። ፓርላማው ውስጥ የምክር ቤት አባላት ተደባደቡ፣ ውሃ ተረጫጩ፣ ወረቀት ቀደዱ፤ ረቂቁ በዚያ ሁከት መሃል ጸድቆ በማግስቱ ተፈረመ። ሕጉ የስደተኛውን ቁጥር 150 ሺ ላይ ይገድብ ነበር፤ አገሪቱ ግን በዚያን ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ነበራት። የሽብር ምርመራን ያደናቅፋል ወይም ሕዝብ ያስፈራል የተባለ ዘገባ ያወጣ ጋዜጠኛም እስር ይጠብቀው ነበር። ተቃዋሚዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። የካቲት 23 ቀን 2015 አምስት ዳኞች ስምንት አንቀጾችን ሻሩ፤ የስደተኛው ጣሪያና የፕሬሱ አንቀጽ ከተሻሩት መካከል ናቸው። ፍርዱ አንድ ወገን ብቻ ያስደሰተ አልነበረም፤ ስልክና መልእክት የመጥለፍ ሥልጣንን ዳኞቹ አልነኩትም። ከጋሪሳ በኋላ መንግሥት የሐዋላ ድርጅቶችን ሲዘጋና ሁለት የባሕር ዳርቻ የመብት ድርጅቶችን ሒሳብ ሲያግድም፣ የድርጅቶቹን እገዳ ፍርድ ቤት አነሣው። ዳዳብን እዘጋለሁ የሚለውን የ2016 ውሳኔ በየካቲት 2017 የሻረውም ፍርድ ቤት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናነብ ሚዛኑን በራሳችን መሞከራችን አይቀርም። ኢትዮጵያም በ2006 ማለቂያ ጦሯን ሶማሊያ አስገብታለች፤ በ2014 የአፍሪካ ኅብረትን ጦር ተቀላቅላለች። በ2007 መጀመሪያ ከሶማሊያው ጦርነት ሸሽተው ኬንያ የገቡ ሰዎች ተይዘው በአውሮፕላን ወደ ሶማሊያ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ተወስደው ያለ ክስ መታሰራቸውም የጋራ ታሪካችን ነው። ጥቅምት 2013 ቦሌ ውስጥ ሁለት ሶማሌዎች የያዙት ፈንጂ ቤት ውስጥ እንዳሉ ፈንድቶባቸው ሞቱ፤ ዕለቱ ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የምትጫወትበት ነበር። ከዚያ ውጭ አዲስ አበባ ዌስትጌትን የመሰለ ነገር አላየችም። ኬንያውያን ጥቃት በደረሰ ቁጥር «ኢትዮጵያን ተመልከቱ» ሲሉ የምንሰማው በዚህ ነው። የአገራችን የደኅንነት ሰዎችም በዚህ ሲኮሩ ኖረዋል፤ ኩራቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን በአገራችን የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652 የወጣው በ2009 ነው፤ አራት ዓመት ሳይሞላው እስክንድር ነጋና ርዕዮት ዓለሙን የመሰሉ ጋዜጠኞች በዚያው ሕግ ተፈርዶባቸው ወህኒ ነበሩ። ኬንያ ኢስሊን በምታስስበት በዚያው በሚያዝያ 2014 አዲስ አበባ ላይ የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ታሰሩ። አዋጁ እስኪተካ 2020 መድረስ ነበረበት። የኬንያ ሕግ በፍርድ ቤት ክርክር፣ የኛ ደግሞ በፖለቲካ ለውጥ ነው የተስተካከለው። የትኛው ዘላቂ እንደሚሆን ጊዜ ያሳያል። «ኙምባ ኩሚ» የተባለውን፣ አሥር አሥር ቤት አደራጅቶ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያውቅ የሚያደርገውን የኬንያ አሠራር ስሰማ ደግሞ አንድ ለአምስት ትዝ ይለኛል። ኬንያውያኑ ግን ብዙም አልታዘዙትም፤ ናይሮቢ ውስጥ የአሥሩን ቤት ስም የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ሞክሩ።

ወደ ማንዴራ እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት እዚያ ነውና። ከ2014 ግድያዎች በኋላ ከሌላ ክፍለ አገር የሄዱ መምህራን አንመለስም ብለው ናይሮቢ የመምህራን ኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሰፈሩ። ማን ይወቅሳቸዋል? አውቶቡሱ ውስጥ ከሞቱት ብዙዎቹ ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መምህራን ነበሩ። በጥር 2020 ጋሪሳ ውስጥ መምህራን ሲገደሉ ኮሚሽኑ ከሌላ አካባቢ የመጡትን ከሦስቱ የሰሜን ምሥራቅ አውራጃዎች አወጣ። የአካባቢው አባቶች ይህን እንደ ሁለተኛ ጥቃት ነው ያዩት። ፊዚክስና ሒሳብ የሚያስተምር ሳይኖር ልጅ ለብሔራዊ ፈተና ይቀመጣል፤ ይወድቃል፤ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአካባቢው ተወላጅ መምህር አይወጣም። አልሸባብ ያቆሰለው አካባቢ በመምህር እጦት ራሱን መተካት ያቅተዋል። መምህራኑም ልክ ናቸው፣ አባቶቹም ልክ ናቸው። ፈራጅ የሚያስፈልገው ይህ ዓይነቱ ነው፤ መንግሥት ግን ጉዳዩን የመምህራን ዝውውር ጉዳይ አድርጎ ያዘው።

የዚያ ምድር ቂም ከአልሸባብ ይበልጣል። ከ1963 ጀምሮ፣ የአካባቢው ሶማሌዎች ለመገንጠል በተዋጉበት በሺፍታው ጦርነትና ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰሜን ምሥራቁ በልዩ ሕግ ነው የተገዛው። በየካቲት 1984 ዋጋላ አየር ማረፊያ ላይ የመንግሥት ኃይሎች የፈጸሙትን ጭፍጨፋ መንግሥት 57 ሞት ብሎ ሲመዘግብ፣ የእውነት አጣሪ ኮሚሽኑ በ2013 ሟቾቹ ወደ 1 ሺ ሊጠጉ እንደሚችሉ ጽፏል። የፀጥታ ወገን ክርክር እዚህ ላይ ሲመጣ ይደክማል፤ ሶማሌ ኬንያዊው በሽብር ምክንያት አይደለም መጠርጠር የጀመረው። ሽብሩ አሮጌውን ጥርጣሬ አዲስ ስም ሰጠው።

ያም ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ኤል ዋቅ አጠገብ አልሸባብ አውቶቡስ አስቁሞ ክርስቲያኖቹን ለዩልን ሲል፣ ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች መሸፈኛቸውን ለሴቶቹ አልብሰው፣ ወይ ሁላችንን ግደሉ ወይ ልቀቁን አሉ። መምህር ሳላህ ፋራህ በጥይት ተመትቶ በጥር 2016 ሞተ፤ ከሞተ በኋላ የአገር ሽልማት ተሰጠው። ፖለቲከኛው ሁሉ በስሙ ምሏል። ሆኖም የሱ ወገን ሶማሌ ኬንያዊ ወጣት በዚያው ዓመት መታወቂያ ለማውጣት፣ የሌላ ክፍለ አገር ልጅ የማያውቀውን ተጨማሪ አጣሪ ኮሚቴ ማለፍ ነበረበት፤ አያቱ ማን ነበር፣ የትኛው ጎሳ፣ ማን ይመሰክርልሃል እየተባለ። መታወቂያ የሌለው ሰው የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ሲምካርድ በስሙ አያወጣም፣ በየኬላው ይቆማል።

የሕጉ ነገር ደግሞ በ2025 ሌላ መንገድ ያዘ። በሰኔና በሐምሌ ተቃውሞ የወጡ ወጣቶች በደርዘን የሚቆጠሩት በሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ታዋቂው ተሟጋች ቦኒፌስ ምዋንጊ ሲያዝ መርማሪዎች መጀመሪያ ያነሡት ሽብርን ነበር፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ክሱ የጥይት ይዞታ ሆነ። መንግሥት ያኔ ሱቅ እንደተዘረፈና ፖሊስ ጣቢያ እንደተቃጠለ ይናገራል፤ ያ እውነት ነው፤ ለዝርፊያና ለቃጠሎ ግን የኬንያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ አለው። በ2003 ረቂቁን የጣሉት ሰዎች የፈሩት ይህንኑ ነበር። ያኔ ስጋታቸው የተጋነነ ነው ይባል ነበር፤ ለ20 ዓመት ያህልም የተጋነነ መስሎ ቆየ። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ግን መገረም አይኖርበትም።

ከዚያ ግርግር ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በየካቲት 2025፣ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ ሄደው የድንበር አውራጃ ተወላጆች መታወቂያ ለማውጣት የሚያልፉት ተጨማሪ ማጣሪያ ቀርቷል ብለው አወጁ። ወዲያው ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተሰለፉ። አንዱ ድንበሩ ክፍት ሆኖ መታወቂያ ማላላት አልሸባብን በር ከፍቶ ማስገባት ነው አለ፤ ደግሞም የምርጫ ድምፅ መሰብሰቢያ ነው ሲል ጠረጠረ። ሌላው ስድሳ ዓመት የዘገየ ፍትሕ ነው አለ። የመጀመሪያው ወገን ስለ ድንበሩ ያለው ትክክል ነው፤ ስለ ምርጫውም ላይሳሳት ይችላል። ግን የጋሪሳው ገዳይ የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነበረው፤ የዱሲቱ ልጅ የወታደር ልጅ ነበር፤ አጣሪ ኮሚቴው ሁለቱንም አይይዛቸውም ነበር። ኮሚቴው ለዓመታት ሲይዝ የኖረው እንደ ሳላህ ፋራህ ያለውን ነው። አዋጁ ግን የአንድ ፕሬዚዳንት ቃል ነው፤ ማጣሪያውን በሕግ የሚያስቀር ድንጋጌ ካልወጣ በቀር፣ የሚቀጥለው ጥቃት በደረሰ ማግስት የሚቀጥለው ሚኒስትር በአንድ ደብዳቤ ሊመልሰው ይችላል።